አስፈሪ ጌም በእውነት የሚያስፈራው በምን ነው? ለአንድ ጌም ሠሪ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ብቻዬን ሆኜ አስፈሪ የቪዲዮ ጌም እየሠራሁ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በተዘጋ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለሙከራ ያጫወትኋቸው ስድስት ሰዎች በመጀመሪያው ድንጋጤ ከወንበራቸው ይዘላሉ፤ በሦስተኛው ግን መሳቅ ይጀምራሉ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላም ይሰለቻሉ። ጭራቆቹን ከሦስት ወደ ዐሥራ አንድ አሳደግሁ፣ ደም ጨመርሁ፣ ጩኸቱንም ከፍ አደረግሁ፤ ለውጥ አላየሁም። ጉድለቱ የግራፊክሱ ጥራት ይመስለኛል። ያጠራቀምሁትን ገንዘብ የተሻለ የጭራቅ ሞዴል ለማሠራት ላውለው? የመጀመሪያውን ምዕራፍ አያይዤ ልኬያለሁ።»

ምላሽ፦ ገንዘቡን አያውጡ። የላኩትን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ፣ አንዴ በቀን አንዴ በሌሊት፣ ተጫውቼዋለሁ። የጭራቁ ቆዳ ፕላስቲክ መምሰሉም ሆነ ጣቶቹ ግድግዳ ውስጥ ገብተው መታየታቸው ከችግርዎ ጋር አይገናኝም። ችግሩ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን፣ ድንጋጤን፣ ፍርሃትንና ሥጋትን፣ አንድ አድርገው መያዝዎ ነው። ድንጋጤ ነገሩ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ነው፤ ፍርሃት ነገሩ ፊት ለፊት ሲቆም ነው፤ ሥጋት ግን ነገሩ ሳይመጣ፣ ምናልባትም ጨርሶ የማይመጣ ሆኖ ሳለ፣ ሰውን ቀድሞ የሚይዝ ነው። ጌምዎ በድንጋጤ የተሞላ ነው፤ ፍርሃት ጥቂት አለበት፤ ሥጋት ፈጽሞ የለበትም። ተጫዋቹ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ከተኛ በኋላ እንኳ አብሮት የሚቆየው ደግሞ ይኸው የሌለው ሦስተኛው ነው።

ድንጋጤ ከማሰብ የሚቀድም የሰውነት ምላሽ ነው። ድንገተኛና ከፍተኛ ድምፅ ጆሮ ሲደርስ መልእክቱ በአንጎል ግንድ በኩል አቋርጦ በቀጥታ ወደ ጡንቻ ይሄዳል፤ የዐይን ሽፋን መከደን ለመጀመር የሚፈጅበት ጊዜ 40 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚህ ፍጥነት ውስጥ ስለ ታሪክዎም ሆነ ስለ ጭራቅዎ የሚታሰብ ነገር የለም፤ ነፋስ በር ወርውሮ ቢዘጋም ሰውየው ያንኑ ያህል ይዘላል። ምላሹ ሁለት ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው፣ ያው ነገር ሲደጋገም በፍጥነት እየደከመ መሄዱ ነው። በላኩት ምዕራፍ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዘጠኝ ድንጋጤዎች ቈጥሬያለሁ፤ ዘጠኙም የሚመጡት ሙዚቃው በተቋረጠ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ ነው። ሙዚቃ ሲቆም ጩኸት እንደሚከተል ያስተማሯቸው እርስዎ ራስዎ ስለሆኑ፣ ስድስቱ ሰዎች በሦስተኛው መሳቃቸው ሊገርም አይገባም። ሳቁም ንቀት አይደለም፤ ሰውነት ለአደጋ ተሰናድቶ አደጋው ባዶ ሆኖ ሲገኝ፣ የተነሣው ጉልበት የሚወጣበት በር ነው። ሁለተኛው ጠባይ ግን ለእርስዎ ይጠቅማል፤ አስቀድሞ በሥጋት ላይ ያለ ሰው ለዚያው ድምፅ የሚሰጠው ምላሽ ይበረታል፤ በጨለማ የተቀመጠም እንዲሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚባለው ይኸው ነው። እርስዎ ልጡን ዘጠኝ ጊዜ አሳይተዋል፤ እባቡን ግን አንድም ጊዜ በተጫዋቹ ልብ ውስጥ አላስገቡም።

ስለ ግራፊክስ የሚያስቡት ነገር ከዚህ ዘርፍ ታሪክ ጋር አይሄድም። ኮናሚ የተባለው የጃፓን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1999 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው) ያወጣው ሳይለንት ሂል የተባለ ጌም በጭጋግ በተዋጠ ከተማ ውስጥ የሚካሄድ ነው። ጭጋጉ ለድባብ ብቻ የተመረጠ አልነበረም፤ ጌሙ የሚሠራበት የያኔው የመጫወቻ ማሽን፣ ፕሌይስቴሽን፣ በርቀት ያሉትን ሕንጻዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሣል ዐቅም ስላልነበረው፣ ያልተሣለውን የሚሸፍን ነገር አስፈልጎ ነበር። ውጤቱ ግን ተጫዋቹ ከጥቂት እርምጃ በላይ የማያይበት፣ የሚቀርበውን ጭራቅም በያዘው ሬዲዮ መንሿሿት አስቀድሞ የሚያውቅበት ዓለም ሆነ። በ2012 ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍሎች በከፍተኛ ጥራት ታድሰው ሲወጡ፣ በሁለተኛው ክፍል ጭጋጉ ሳስቶ ከጀርባው ሊታይ የማይገባው ሁሉ ታየ፤ የቀድሞ ወዳጆቹ አጥብቀው ካማረሩባቸው ነገሮች አንዱም ይኸው ነበር። ምስሉ ጠራ፣ ሥጋቱ ግን አብሮ ተገፈፈ።

ብቻዎን ስለሚሠሩ ይበልጥ የሚቀርብዎት ምሳሌ በ2014 የወጣው ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ ነው። የሠራው ስኮት ካውተን የተባለ አንድ ሰው ነው፤ በስክሪኑ ላይ የሚታየው አብዛኛው ነገር አስቀድሞ የተዘጋጀና የማይንቀሳቀስ ምስል ነው፤ ተጫዋቹም ከወንበሩ አይነሣም። በእጁ ያለው ሁለት በር፣ መብራት፣ የጥበቃ ካሜራዎችና በመቶኛ እየተቆጠረ የሚያልቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ብቻ ነው። በሩን ቢዘጋ ኃይሉ ይሟጠጣል፤ ክፍት ቢተወው በሌሊት የሚንቀሳቀሰው አሻንጉሊት ይገባበታል። ካሜራውን ቢያይ ኃይሉ ይቀንሳል፤ ባያይ አሻንጉሊቱ የት እንደደረሰ አያውቅም። ጌሙ ያን ያህል ሕዝብ ያስጨነቀው በዚህች ጠባብ ሒሳብ ነው። በመጨረሻ የሚመጣው ጩኸት አስቀያሚና ርካሽ እንደሆነ አልክድም፤ ነገር ግን የሒሳቡ ማሠሪያ እንጂ የፍርሃቱ ምንጭ አይደለም።

ዋናው ምክንያት የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን ተመራማሪዎች በ2016 ያሳተሙት አንድ ጥናት ለጥያቄዎ ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስላል፤ መሣሪያው ራሱ የኮምፒውተር ጨዋታ ነበርና። 45 ፈቃደኞች በስክሪን ላይ ከሚታዩ ድንጋዮች ሥር እባብ ይኑር አይኑር ይገምታሉ፤ እባብ ከተገኘ እጃቸው ላይ የሚያም የኤሌክትሪክ ንዝረት ይደርሳቸዋል። እባቡ የመገኘት ዕድሉ በየጊዜው ስለሚቀያየር ግምታቸውን ሁልጊዜ ማደስ ነበረባቸው። በላባቸውና በዐይናቸው ብሌን መስፋት የተለካው ጭንቀታቸው ከሁሉ የበረታው ንዝረቱ መምጣቱ እርግጥ በሆነበት ጊዜ አልነበረም፤ ዕድሉ 50 በመቶ በሆነበት፣ ማለትም ይምጣ አይምጣ ምንም ፍንጭ በሌለበት ጊዜ ነበር። እርግጡን ያወቀ ሰው፣ እርግጡ ክፉ ቢሆን እንኳ፣ ጥርሱን ነክሶ ይጠብቃል፤ ያላወቀ ግን ማረፊያ የለውም።

ዐሥራ አንዱ ጭራቆች ያደረጉትን አሁን ማየት ይችላሉ። ሦስት በነበሩበት ጊዜ ተጫዋቹ በር ሲከፍት ምናልባት ያመነታ ነበር፤ ዐሥራ አንድ ሲሆኑ ግን ከእያንዳንዱ በር ኋላ አንድ እንዳለ ያውቃል። ዕድሉን ከግማሽ አካባቢ ወደ ሙሉ ገፍተው ሥጋቱን በራስዎ እጅ አጠፉት፤ ጌሙም የተኩስ ጨዋታ ሆኖ ዐረፈው። ሆኖም ይህን ሰምተው ሁሉን ነገር በዕጣ እንዳያደርጉት አስጠነቅቃለሁ። የሚያስጨንቀው ጥርጣሬ ሕግ ያለው ጥርጣሬ ነው። ተጫዋቹ ጭራቁ በምን እንደሚሳብ፣ በምን እንደሚታለል በከፊል መረዳት አለበት፤ በከፊል ብቻ። ያለ ምንም ምክንያትና ምልክት ከጣሪያ የሚወድቅ ሞት ለሁለት ጊዜ ያህል ያስደነግጣል፤ በሦስተኛው ተጫዋቹ የሚያማው ጭራቁን ሳይሆን እርስዎን ነው።

ከጥርጣሬው ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከእሱ በላይ፣ የሚመዝነው የተጫዋቹ እጅ ነው። አስፈሪ ፊልም የሚያይ ሰው ዐይኑን ቢጨፍን ፊልሙ ይቀጥላል፤ ገጸ ባሕርይዋ በሩን መክፈቷ አይቀርም፤ እሱም «ኧረ አትክፈቺ!» ብሎ ከመጮህ በቀር ኃላፊነት የለበትም። ጌም የሚጫወት ሰው ዐይኑን ቢጨፍን ግን ምንም አይሆንም። በሩ እንደተዘጋ ይጠብቀዋል። የሚከፍተው እሱ ነው፤ ካልከፈተ ደግሞ ጌሙ አይቀጥልም። አስፈሪ ጌም ሌላ ማንኛውም ጥበብ የሌለው አንድ ሀብት ቢኖረው ይህ ነው፤ እርስዎ ግን ሀብቱን አውጥተው ጥለውታል። በምዕራፍዎ ውስጥ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በሩ በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ራሱ ይበረገዳል፣ ካሜራው ከተጫዋቹ እጅ ይወሰዳል፣ ጭራቁ ወደ ሌንሱ ቀርቦ ይጮኻል፣ ከዚያ እንቅስቃሴው ለተጫዋቹ ይመለሳል። በነዚያ ሦስት ሰከንዶች ውስጥ እጄን ከማውዙ አንሥቼ ውሃ መጠጣት እችል ነበር፤ በአራተኛው ጊዜ እንዲያውም ጠጥቻለሁ።

ፍሪክሽናል ጌምስ የተባለው የስዊድን ድርጅት በ2010 ያወጣውን አምኒዥያ፦ ዘ ዳርክ ዲሰንትን ከዚህ ጋር ያነጻጽሩ። በዚያ በር የሚከፈተው በአንድ ጫና አይደለም። የማውዙን ቁልፍ ይዘው ማውዙን ራሱን በጠረጴዛው ላይ መግፋት ወይም መሳብ አለብዎት፤ በሩም እጅዎ የሄደውን ያህል ብቻ ይሄዳል። ስለዚህ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ከፍቶ ማጮለቅ ይቻላል፤ የሆነ ነገር ሲንኰሻኰሽ ሰምቶ በዝግታ መልሶ መዝጋት ይቻላል፤ ሲያሳድዱዎት ደግሞ ዞረው በሩን በራስዎ እጅ መግፋት አለብዎት፤ ያን ጊዜ እጅ ይሳሳትና ለመዝጋት የፈለጉትን በር ወደ ራስዎ ይስቡታል። እጅ ሲያመነታ በሩም ያመነታል። ይህ በር ምንም ልዩ ግራፊክስ የለውም፤ ያለው ነገር የተጫዋቹን ፍርሃት ተቀብሎ መልሶ የሚያሳይ መሆኑ ነው። በዚያው ጌም ጭራቁን ትኵር ብሎ ማየት የገጸ ባሕርዩን አእምሮ ስለሚያውክ ተጫዋቹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይቆማል፤ ከኋላው የሚያልፈውን ነገር ሥዕል የሚጨርሰውም የገዛ ሐሳቡ ነው። በ2001 የወጣው የጃፓኑ ፌታል ፍሬም ተቃራኒውን መንገድ ይዟል፤ መሣሪያው የፎቶ ካሜራ ሲሆን፣ ፎቶው መንፈሱን ይበልጥ የሚጐዳው መንፈሱ በቀረበ መጠን በመሆኑ፣ ተጫዋቹ ሊሸሽ የሚፈልገውን ፊት ቆሞ እንዲጠብቀው ይገደዳል። አንዱ ማየትን ይከለክላል፣ ሌላው ማየትን ያስገድዳል፤ ሁለቱም ግን ተጫዋቹ ሰውነቱ የማይፈልገውን ነገር በራሱ ውሳኔ እንዲያደርግ ያደርጉታል።

ብዙ ጌም ሠሪዎች የሚደጋግሙት አንድ ስሕተት ስላለ ሳይጠይቁኝ ልመልሰው፤ ተጫዋቹን ትጥቅ ማስፈታት በራሱ ጌምን አስፈሪ አያደርግም። አምኒዥያ ያለ መሣሪያ ስለተሳካለት ከእሱ በኋላ የመጡ ብዙዎች መሣሪያውን ብቻ ነጥቀው ሌላ ነገር ሳይተኩ ቀሩ፤ ውጤቱም ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ ጭራቁ እስኪያልፍ መጠበቅ ሆነ። የካፕኮም ሪዚደንት ኢቭል በ1996 ሲወጣ ሽጉጥ ነበረው፤ ጥይቱ ግን የሚቈጠር ነበር፤ ሴቭ ለማድረግ፣ ማለትም ጨዋታውን ከደረሱበት ለማስቀመጥ፣ እንኳ ለጽሕፈት መኪናው የሚሆን የቀለም ሪባን ያስፈልግ ነበር፤ ያም ይቈጠራል፣ በጠባቡ ሻንጣም ቦታ ይይዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ የሚራመድ ሬሳ ጥያቄ ነበር፤ ልተኩስበት፣ ልለፈው፣ ወይስ ተመልሼ ሴቭ ላድርግ? የእርስዎ ተጫዋች በመጀመሪያው ክፍል ውስጥ ሠላሳ ስድስት ጥይት ያገኛል፤ ሴቭም በየደቂቃው ራሱ ይደረጋል። ይህ ሰው የሚያጣው ነገር የለውም፤ የሚያጣው የሌለው ሰው ደግሞ አይሠጋም። ጥይቱን ያጥፉ ማለቴ ሳይሆን ያሳንሱ ማለቴ ነው።

የጭራቁ አእምሮ ጉዳይ ሰፊ ነው፤ ከቴክኒኩ በፊት ሐሳቡን ይያዙ። ክሪኤቲቭ አሴምብሊ በ2014 ባወጣው ኤሊየን፦ አይሶሌሽን ውስጥ የሚያሳድደው አንድ ፍጡር ነው ለማለት ይቻላል፤ የሚመራው ግን በሁለት ደረጃ ነው። የላይኛው ተጫዋቹ የት እንዳለ ዘወትር ያውቃል፤ ነገር ግን ለፍጡሩ ቦታውን አይነግረውም፤ ወደዚያ አካባቢ ሄደህ ፈልግ የሚል ፍንጭ ብቻ ይሰጠዋል። የታችኛው የፍጡሩ ጭንቅላት ነው፤ የሚያውቀው በዐይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ብቻ ነው። በዚህ መሠረት ፍጡሩ ሁልጊዜ ቅርብ ነው፤ ነገር ግን በእውነት ይፈልጋል፣ በእውነትም ይሳሳታል። የላይኛው ክፍል ተጫዋቹ ምን ያህል እንደተጨነቀ የሚገምት መለኪያ ስላለው፣ መለኪያው ሲሞላ ፍጡሩን ወደ አየር ማስተላለፊያው ቱቦ አስገብቶ ለጊዜው ያርቀዋል። ይህ ዕረፍት ለተጫዋቹ ርኅራኄ አይደለም፤ ሳይቋረጥ የተወጠረ ሰው ይደነዝዛልና ሥጋቱ እንደገና እንዲነሣ አስቀድሞ መርገብ አለበት። ሌላው የማደንቀው ነገር የእንቅስቃሴ መለያው ነው፤ ፍጡሩ የት እንዳለ ይነግራል፣ ሲያዩት ግን ከፊት ያለው ዓለም ይደበዝዛል፣ ፍጡሩ ቅርብ ከሆነም የመሣሪያው ድምፅ ሊያጋልጥ ይችላል። መረጃም ዋጋ ያስከፍላል ማለት ነው። እርስዎ ብቻዎን ይህን ሁሉ መሥራት አይጠበቅብዎትም፤ ሦስት ነገሮችን የሚያደርግ አንድ ጭራቅ ይበቃል፤ ድምፅ ሲሰማ ወደ ድምፁ መሄድ፣ ያጣውን መጨረሻ ባየበት ቦታ መፈለግ፣ ከዚያም ተስፋ ቈርጦ መራቅ።

ስለ ድምፅ አጭር ልሁን፤ በዚህ ረገድ ያደረጉት ሁሉ መገልበጥ አለበት። የድምፅ መጠን መጨመር የሚያመጣው ድንጋጤን ብቻ ነው፤ በጆሮ ማዳመጫ ለሚጫወት ሰው ደግሞ ለጆሮው አደገኛ ነው። ጩኸትን አስፈሪ የሚያደርገው ከፍታው ብቻ እንዳልሆነ በ2015 የታተመ ጥናት አሳይቷል፤ የሰው የጭንቅ ጩኸት ከተራ ንግግር የሚለየው መጠኑ በሰከንድ ከ30 እስከ 150 ጊዜ በሚሆን ፍጥነት እየተርገበገበ ሻካራ ስለሚሆን ነው፤ የማስጠንቀቂያ ደወሎችም ይህንኑ ሻካራነት ይጋራሉ። ስለዚህ ሻካራ የሆነ ዝግ ያለ ድምፅ፣ ለስላሳ ከሆነ ጩኸት ይልቅ ቆዳ ሥር ይገባል። ጆሮ በቅጡ የማይሰማው ስውር ድምፅ፣ ማለትም ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ ከ20 ርግብግቢት) በታች ያለው፣ ሰውን ሳያውቀው ያስፈራል የሚለውን ወሬ ግን ይተዉት፤ ተራ ድምፅ ማጉያዎችና ማዳመጫዎች ያን ድምፅ በቅጡ ሊያወጡት አይችሉም። በምትኩ ተጫዋቹ ራሱ የሚያወጣውን ድምፅ ይሥሩ። የላኩት ሆስፒታል ወለሉ በተሰበረ መስታወት ተሞልቷል፤ ስረግጠው ግን ድምፅ የለውም። ያ መስታወት ቢንኰሻኰሽና ጭራቁ ቢሰማው ኖሮ ኮሪደሩን በሙሉ አስፈሪ ለማድረግ ሌላ ምንም አያስፈልግም ነበር።

ፍርሃትን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ግን ሞት ነው፤ ይህ ለብዙ ሠሪዎች ለመቀበል የሚከብድ ነው። ተጫዋቹ እስኪሞት ድረስ የሞቱ ትርጕም በሐሳቡ ውስጥ ወሰን የለውም፤ ሲሞት ግን ሞት ማለት ጥቁር ስክሪንና የአራት ደቂቃ ድግግሞሽ መሆኑን ይማራል። ሁለተኛው ሞት ያናድዳል፤ አምስተኛው ላይ ጭራቁ የመንገድ መሰናክል ይሆናል። አምኒዥያን የሠሩት ሰዎች ይህን ስለተረዱ፣ ተጫዋቹ ሞቶ ሲመለስ በአንዳንድ ቦታ ጭራቁን ከነበረበት አንሥተውታል ወይም ቦታውን ለውጠውታል፤ ተጫዋቹም የተማረው መልስ እንዳይሠራለትና መንገዱን በቃሉ እንዳይሸመድድ ሆኗል። ተቃራኒው ጽንፍ፣ ማለትም ሞት ምንም እንዳያስቀጣ ማድረግ፣ ደግሞ ሥጋቱን ከሥሩ ይነቅለዋል። በኤሊየን፦ አይሶሌሽን ሴቭ ለማድረግ ወደ ማሽኑ ሄዶ ጥቂት ሰከንድ ያህል ቆሞ መጠበቅ ግድ ነው፤ በዚያ ቅጽበትም መሞት ይቻላል። ለእርስዎ የምመክረው መካከለኛውን ነው፤ ተጫዋቹ ብዙ ጊዜ ለመሞት እንዲቃረብ፣ ጥቂት ጊዜ ብቻ እንዲሞት፣ ሲሞትም ከሁለትና ከሦስት ደቂቃ የማይበልጥ እንዲያጣ ያድርጉ።

ከዚህ በኋላ ያለው የዐቅም ወሰን ነው፤ ሁሉንም ሰው የሚያስፈራ ጌም የለም። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 ባወጡት ጥናት 110 ሰዎች የልብ ምት መለኪያ ታጥቀው ለመዝናኛ በተዘጋጀ አስፈሪ ቤት ውስጥ ሲያልፉ፣ የበለጠ የተደሰቱት በጣም የፈሩት ወይም ጥቂት የፈሩት ሳይሆኑ በመካከል ያሉት ነበሩ። የመካከሉ ቦታ ደግሞ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዱን እንቅልፍ የሚነሳው ሌላውን ያዛጋዋል። ስለዚህ የስድስት ሰዎች ሳቅ ብቻውን ፍርድ ሊሆን አይችልም፤ በተለይ ሙከራው በተደረገበት መንገድ። ከጥያቄዎ ጋር በላኩት ቪዲዮ ላይ እንዳየሁት ተጫዋቾቹ መብራት በበራበት ክፍል ተቀምጠዋል፣ ጓደኞቻቸው ከጎናቸው አሉ፣ እርስዎም ከኋላቸው ቆመው «አሁን እዩ!» ይላሉ። በሰው መካከል የተቀመጠ ሰው ፍርሃቱን ለሌሎች ያከፋፍላል፤ ሲደነግጥም ኀፍረቱን በሳቅ ይሸፍናል። በዚያ ክፍል ውስጥ ምንም ጌም አያስፈራም ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎችን ልጨምር። የመብራት ብልጭታዎ በአንዱ ክፍል ውስጥ በሰከንድ ስድስት ጊዜ ያህል ይሆናል፤ በሰከንድ ከሦስት ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ብርሃን፣ በተለይ ስክሪኑን በሰፊው ሲሸፍን፣ ለብርሃን ስሜታዊ የሆነ የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ሰዎች ሊጥል ይችላል። ማስጠንቀቂያ በመጻፍ ብቻ አይለፉት፤ ብልጭታውን ይቀንሱት። ሁለተኛው፣ በማስታወሻዎ ላይ የጠቀሱት የተጫዋቹን ፋይል የመሰረዝ «ቀልድ» ነው። በ2002 የወጣው ኢተርናል ዳርክነስ ሴቭ የተደረገው ሁሉ እየጠፋ እንደሆነ አስመስሎ ተጫዋቾችን አስደንግጧል፤ ግን ማስመሰል ብቻ ነበር። በሰው ኮምፒውተር ውስጥ ከጌሙ ፎልደር ውጭ ያለን ማንኛውንም ፋይል መንካት ቀልድም ጥበብም አይደለም።

የማሳስብዎት ሥራ የሚከተለው ነው። ዐሥሩን ጭራቆች ያስወግዱና አንዱን ያስቀሩ፤ እሱም በመጀመሪያዎቹ ዐሥራ አምስት ደቂቃዎች በሙሉ አይታይ፤ ነገር ግን የሚያደርገው ነገር ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ይሰማ፣ ዱካውም ይታይ። ከዘጠኙ ድንጋጤዎች ሁለቱን ብቻ ያስቀሩ፤ ሙዚቃ በማቋረጥም አያስታውቋቸው፤ ሙዚቃው አምስት ጊዜ ሲቋረጥ አራቱ ባዶ ይሁኑ። ካሜራውን ከተጫዋቹ እጅ የሚወስደውን ሁሉ ይሰርዙ። በሩ በእጅ የሚገፋ ይሁን፤ ፕሮግራሙ ከከበደዎት ቁልፉን ሲይዙት ብቻ ቀስ እያለ የሚከፈት፣ ሲለቁት ባለበት የሚቆም ማድረግም ይበቃል። ሠላሳ ስድስቱን ጥይት ወደ አራት ያውርዱ። መስታወቱ ይንኰሻኰሽ። ይህ ሁሉ ካንድ ወር ያልበለጠ ሥራ ነው፤ ያጠራቀሙት ገንዘብም ሳይነካ ይቀመጣል፤ ማውጣት ግድ ከሆነብዎ ለድምፅ ባለሙያ ያውጡት እንጂ ለጭራቅ ሞዴል አይሁን።

ከዚያ ጌሙን ያላዩ ሌሎች ስድስት ሰዎችን አንድ በአንድ፣ ብቻቸውን፣ በጨለማ ክፍል፣ በጆሮ ማዳመጫ ያጫውቱ፤ እርስዎ ከክፍሉ ይውጡ፤ የስክሪኑን ቅጂ ብቻ ያስቀሩ። ሲጨርሱ «ፈራችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ ሰው ለዚህ ጥያቄ እውነቱን አይመልስም። ቅጂውን ከፍተው እያንዳንዱ ሰው ከእያንዳንዱ በር ፊት ስንት ሰከንድ እንደቆመ ይቍጠሩ። አሁን ባለው ምዕራፍ እኔ ራሴ ከአንዱም በር ፊት ከአንድ ሰከንድ በላይ አልቆምሁም።

ከአንድ ቦታ በቀር። በሦስተኛው ፎቅ፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል አጠገብ፣ ስሄድ በርቶ የነበረ መብራት ስመለስ ጠፍቶ አገኘሁት። ጭራቅ አልነበረም፣ ሙዚቃም አልነበረም፤ ሆኖም ወደ ኋላ ተመልሼ ሦስት ባዶ ክፍሎችን ፈተሽሁ፤ ከዚያ ኮሪደር ለመውጣትም አራት ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። በድጋሚ ስጫወት መብራቱ ሳይጠፋ ስለቀረ፣ ሆን ብለው ያደረጉት ሳይሆን የኮድ ስሕተት ይመስለኛል። አያርሙት፤ ከኋላውም ምንም ነገር አያስቀምጡ።